በነዳጅ ጕድጓድ ሲሚንቶ ውስጥ የሚጨመር ቃጫ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ስለሚሰጠው ጥቅምና ስለሚያስከትለው ችግር

ነዳጅ ዘይትን ወይም የተፈጥሮ ጋዝን ለማውጣት የሚቈፈር ጕድጓድ ከሚጠይቀው ልዩ ልዩ ዕቃ ሁሉ ሲሚንቶ በዋጋው ከአነስተኞቹ ይቈጠራል። በተግባሩ ግን ከማናቸውም የሚያንስ አይደለም። የመቆፈሪያው መሣሪያ ቢሰበር ይለወጣል፤ ሞተሩ ቢቆም ይጠገናል፤ በሺሕ በሚቈጠር ሜትር ጥልቀት ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግን ተበላሽቶ ከጠነከረ በኋላ ማንም በዓይኑ ሊያየው አይችልም፤ ለማስተካከልም ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። መልካም ወይም መጥፎ መሆኑም በአብዛኛው የሚወሰነው ከተበጠበጠበት ሰዓት አንሥቶ እስከ አንድ ቀን ገደማ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

በዚህ አጭር ጊዜ ሲሚንቶውን ለመርዳት ከሚጨመሩት ቅመሞች አንዱ ቃጫ ነው። ቃጫ ሲባል እዚህ ላይ ለገመድና ለጆንያ የሚሆነው የተክል ቃጫ ብቻ አይደለም፤ ከብርጭቆ፣ ከፕላስቲክ፣ ከካርቦንና ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራው፣ ርዝመቱ በሚሊሜትር የሚለካው ቀጭን ክር ሁሉ ማለት ነው። ይህን ዕቃ ለገበያ የሚያቀርቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ሲሚንቶን የሚያጠነክር» እያሉ ያሞግሱታል። አነጋገሩ ከፊሉ እውነት ሲሆን ከፊሉ ግን ገዢውን የሚያሳስት ነው። ቃጫ ሲሚንቶን ከመሰንጠቅና ከመበታተን ይከለክለዋል እንጂ ፈጥኖ እንዲጠነክር አያደርገውም። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ለመሐንዲሱም ሆነ ለነጋዴው እጅግ አስፈላጊ ነው።

ሲሚንቶው በጕድጓድ ውስጥ ስላለው ተግባር

አንድ ጕድጓድ እስከ ተወሰነ ጥልቀት ከተቈፈረ በኋላ ኬዚንግ የሚባለው የብረት ቧንቧ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያም የተበጠበጠው ሲሚንቶ በቧንቧው ውስጥ ቍልቍል በፓምፕ ይገፋና ከታች ባለው አፍ ወጥቶ፣ በቧንቧውና በዙሪያው ባለው ድንጋይ መካከል የሚገኘውን ጠባብ ክፍተት እየሞላ ሽቅብ ይወጣል። እዚያው ሲጠነክር ቧንቧውን ከድንጋዩ ጋር ያያይዛል፤ ብረቱን ከሚበላው ጨዋማ ውሃ ይጠብቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በልዩ ልዩ ጥልቀት የሚገኙት ዘይት፣ ጋዝና ውሃ እርስ በርሳቸው እንዳይቀላቀሉ ይለያያቸዋል። በአካባቢው ያለው ሕዝብ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ንጹሕ ሆኖ መቆየቱም በዚሁ ቀጭን የሲሚንቶ ግድግዳ የሚጠበቅ ነው።

የዚህ ሥራ ታሪክ ረዥም አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተመለከቱ ናቸው።) እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን የፖርትላንድ ሲሚንቶን የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው በ1824 ዓ.ም. ነበር። ሲሚንቶን በነዳጅ ጕድጓድ ውስጥ ውሃ ለመዝጋት በመጠቀም ስሙ የሚነሣው ፍራንክ ሂል ሲሆን፣ ይኸውም በ1903 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሎምፖክ የዘይት መስክ ነው። ይህ ሰው 50 ጆንያ ሲሚንቶ አስበጥብጦ ወደ ጕድጓዱ አስገባና 28 ቀን ጠብቆ ሲያስቈፍር፣ ውሃው ተዘግቶ ዘይቱ ብቻውን ሊወጣ ቻለ። በ1910 ዓ.ም. ደግሞ አልመንድ ፐርኪንስ እዚያው በካሊፎርኒያ፣ ብጥብጡ ከጭቃው ጋር እንዳይደባለቅ ከፊትና ከኋላው በሁለት መወተፊያዎች እየተለየ የሚገፋበትን ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። ዘዴው እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት ለነዳጅ ጕድጓድ ሲሚንቶ የተለየ የጥራት ደንብ ካወጣ ወዲህ ሲሚንቶዎቹ በክፍል ተለይተው ይሸጣሉ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራባቸው «ጂ» እና «ኤች» የተባሉት ክፍሎች ናቸው። የ«ጂ» ክፍል ሲሚንቶ የሚፈተነው ከሲሚንቶው ክብደት ከመቶ 44 እጅ የሚሆን ውሃ ተጨምሮበት ነው። በዚህ ልክ ሲበጠበጥ የአንዱ ሊትር ክብደት 1.9 ኪሎግራም ያህል ይሆናል። በ8 ሰዓት ውስጥም በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ቢያንስ 2.1 ሜጋፓስካል፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ቢያንስ 10.3 ሜጋፓስካል ጥንካሬ እንዲያሳይ ደንቡ ያስገድዳል። ሲሚንቶው በፋብሪካ በሚፈጭበት ጊዜ ከጂፕሰም በቀር እንደ ፑሚስ ያለ ሌላ የድንጋይ ዱቄት እንዲገባበት አይፈቀድም። ስለዚህም ለቤት ሥራ የሚሸጠው፣ በተለይም ፑሚስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ምንም እንኳ ለግንብ እጅግ ጥሩ ቢሆን በዚህ ስፍራ ሊተካ አይችልም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ስለሚያመጡት አደጋ

የተበጠበጠ ሲሚንቶ ከፈሳሽነት ወደ ድንጋይነት የሚለወጠው በአንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ እንደ ውሃ ባይሆንም ይፈሳል። ቀጥሎ መገፋቱ ቆሞ ዝም ሲል ወተት እርጎ እንደሚሆነው ይረጋል። ከዚያ በኋላ ይጠጥራል፤ በመጨረሻም ይጠነክራል። ከነዚህ ሁሉ ደረጃዎች እጅግ የሚያሠጋው መርጋት የሚጀምርበት ነው።

ምክንያቱም የሚከተለው ነው። ብጥብጡ ፈሳሽ እስከ ሆነ ድረስ ክብደቱ ሁሉ ወደ ታች ይጫናል፤ ይህም ጫና በድንጋዩ ውስጥ የታመቀውን ጋዝ ወደ ጕድጓዱ እንዳይገባ አፍኖ ይይዘዋል። መርጋት በጀመረ ጊዜ ግን ብጥብጡ በቧንቧውና በድንጋዩ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ክብደቱን ለግድግዳው አሸክሞ ወደ ታች የሚጫነው ኀይል ይቀንሳል። በዚሁ ላይ ከሲሚንቶው ጋር የሚዋሐደው ውሃ እያነሰ ሲሄድ በውስጡ ያለው ግፊት ከዚያም ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ብጥብጡ ጋዙን በክብደቱ ሊያፍነው አይችልም፤ በጥንካሬው ለመከላከልም ገና ነው። ጋዙ ይህን ጊዜ ካገኘ በለስላሳው ሲሚንቶ ውስጥ መንገድ ያበጃል። ያ መንገድ ሲሚንቶው ሲጠነክር አብሮ ይጠነክርና ለዘለዓለም ይቀራል። ሊቃውንቱ የዚህን አደገኛ ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ በመርጋት ኀይል ይለኩታል፤ ይኸውም ከ48 እስከ 240 ፓስካል ድረስ ያለው ነው። አንድ ብጥብጥ ይህን ርቀት ቶሎ ካለፈ መልካም ነው ይባላል።

ሁለተኛው አደጋ መኮማተር ነው። ሲሚንቶና ውሃ ተዋሕደው የሚሰጡት ጠጣር ነገር ስፋቱ ሁለቱ ለየብቻ ከነበራቸው ስፋት ያንሳል። ሲሚንቶው ገና ለስላሳ ሳለ ይህ መኮማተር ከመጣና ከውጭ ሊተካው የሚችል ውሃ ካላገኘ፣ በዓይን የማይታዩ ብዙ ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ ወይም ሲሚንቶው ከቧንቧው ላይ በጥቂቱ ይላቀቃል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ለጋዝ ሰፊ በር ነው።

ሦስተኛው ችግር ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ድረስ የመቆፈሪያው መሣሪያና ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው መጠበቅ አለባቸው። በሂል ዘመን 28 ቀን የነበረው መጠበቂያ በኋላ ወደ 72 ሰዓት፣ ከዚያም ወደ አንድ ቀንና ከዚያም በታች ወርዷል። ዛሬ በብዙ ስፍራ ቍፋሮው የሚቀጥለው ሲሚንቶው 3.5 ሜጋፓስካል ያህል ጥንካሬ ማግኘቱ ሲረጋገጥ ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ የሚሠራ መቆፈሪያ የአንድ ቀን ኪራይ በመቶ ሺሕ ዶላር የሚቈጠር በመሆኑ፣ እያንዳንዱን የመጠበቂያ ሰዓት ለማሳጠር የሚደረገው ጥድፊያ ብርቱ ነው።

ጥድፊያና ያልተረጋገጠ ሲሚንቶ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚደርስ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነበረው የማኮንዶ ጕድጓድ አሳይቷል። በሚያዝያ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚህ ጕድጓድ ላይ በደረሰው ፍንዳታ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም 87 ቀን ሙሉ ወደ ባሕር ሲፈስ ቆየ። ነገሩን እንዲመረምር በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የተሠየመው ኮሚሽን ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ዋነኛው፣ በጕድጓዱ ግርጌ የፈሰሰው በናይትሮጅን አረፋ የተሠራ ሲሚንቶ ዘይቱንና ጋዙን ሊዘጋ አለመቻሉ ነበር። ፍንዳታው ሲደርስ ያ ሲሚንቶ ከፈሰሰ ገና አንድ ሙሉ ቀን አልሞላውም ነበር። በዚያ ጕድጓድ የተነሣው ክርክር ስለ ቃጫ አልነበረም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ጠባይ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ጕዳይ መሆኑን ከማናቸውም ትምህርት ይልቅ ገልጾ የሚያስረዳ ነው።

ቃጫ ሲሚንቶን የሚረዳበት መንገድ

ደካማውን ነገር በቀጭን ክር ማያያዝ አዲስ ጥበብ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤት የሚሠራ ሰው ጭቃውን በጤፍ ጭድ ሳያቦካ ግድግዳ አይመርግም። ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቅና እንደሚረግፍ ከአባቶቹ ተምሯል። በኦሪት ዘጸአትም ፈርዖን እስራኤላውያንን ለማስጨነቅ የጡብ ጭድ እንደ ከለከላቸው የተጻፈው፣ ጭድ ለጡብ ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበረ ያስረዳል። ወደ ኋላም በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃቼክ አስቤስቶስ የተባለውን የማዕድን ቃጫ ከሲሚንቶ ጋር አዋሕዶ የጣራ ክዳን አወጣ። ዕቃው በዓለም ሁሉ ከተሠራጨ በኋላ የአስቤስቶስ ብናኝ በሳምባ ላይ ካንሰርና ሌላም ከባድ በሽታ እንደሚያመጣ ተረጋግጦ ብዙ አገሮች ከለከሉት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቃጫዎች ተፈልገው ቦታውን ወሰዱ።

የጠነከረ ሲሚንቶ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። በአጠቃላይ የመሳብ ጥንካሬው ከመጫን ጥንካሬው ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። ሲጫኑት 20 ሜጋፓስካል የሚሸከም ሲሚንቶ ሲስቡት በ2 ሜጋፓስካል ገደማ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አንድ ጊዜ ከጀመረ የሚያግደው ስለሌለ እስከ ዳር ይሄዳል። ቃጫ ሲኖር ግን ክሮቹ ስንጥቁን እንደ ድልድይ ተሻግረው ሁለቱን ወገን ይይዛሉ፤ አንዱ ትልቅ ስንጥቅ በመሆን ፈንታ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ የጕዳዩ ቍልፍ የሆነ አንድ ነገር አለ። ክር አንድን ነገር አጥብቆ ለመያዝ ከሚይዘው ነገር ይልቅ ግትር መሆን ይገባዋል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ግትርነቱ ከ3 እስከ 5 ጊጋፓስካል ያህል ነው፤ የጠነከረ ሲሚንቶ ግን 10 ጊጋፓስካልና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ የፕላስቲኩ ክር ስንጥቁ እንዳይጀመር የሚያደርገው አስተዋፅኦ አነስተኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ግን ሲሚንቶው ገና ለስላሳ ስለ ሆነ ያው ደካማ የተባለው ክር ከእርሱ ይልቅ ብርቱ ሆኖ ይገኛል፤ በመኮማተር የሚመጣውንም ስንጥቅ ሊያግድ ይችላል። በአንጻሩ ግትርነቱ 70 ጊጋፓስካል ያህል የሆነው የብርጭቆ ክር ወይም 200 ጊጋፓስካልና ከዚያም በላይ የሚደርሰው የካርቦን ክር፣ ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ ለሚመጣው ጭነት ይመረጣል። ስለሆነም «የትኛው ቃጫ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «በየትኛው ሰዓት እንዲያገለግል ይፈለጋል?» በሚለው ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

በእያንዳንዱ ጠባይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ስለ ውፍረት። ቃጫ የገባበት ብጥብጥ ሁልጊዜ ይወፍራል። ክሮቹ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ፤ በገጻቸውም ላይ ውሃ ይይዛሉ። ክሩ በረዘመና በቀጠነ መጠን ውፍረቱ ይበረታል። የወፈረ ብጥብጥ በፓምፕ ለመግፋት ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፤ ግፊቱም ደካማውን ድንጋይ ሊሰነጥቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ በታች እንዲሆን የሚደረገው። ውፍረቱን ለመቀነስ የሚያሳሳ ቅመም ይጨመራል እንጂ ውሃ አይጨመርም፤ ትርፍ ውሃ ጥንካሬን ያጠፋልና።

ስለ መወፈሪያ ጊዜ። ይህ ብጥብጡ በጕድጓዱ ሙቀትና ግፊት ውስጥ ሆኖ በፓምፕ ሊገፋ የሚችልበት የጊዜ መጠን ነው። የፕላስቲክ፣ የብርጭቆና የካርቦን ክር ከሲሚንቶው ጋር የሚዋሐደውን ኬሚስትሪ እምብዛም ስለማይለውጥ ጊዜው ብዙ አይለወጥም፤ ቢያጥርም ከውፍረቱ የተነሣ ነው። የተክል ቃጫ ግን የተለየ ነው። ከውስጡ የሚወጣው ስኳርና የእንጨት ሙጫ የሲሚንቶውን መጥጠር ያዘገያል። ጥቂት ስኳር ብዙ ሲሚንቶ ሊያበላሽ እንደሚችል የታወቀ ነው። ለጥልቅና ለሞቃት ጕድጓድ የሚጨመሩት አዘግዪ ቅመሞችም ብዙዎቹ ከወረቀት ፋብሪካ ከሚወጣው የእንጨት ዝቃጭ የሚሠሩ ናቸው።

ስለሚንሳፈፍ ውሃ። ብጥብጡ ዝም ሲል የሲሚንቶው ቅንጣቶች ወደ ታች ይሰጥማሉ፤ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። በተጋደመ ጕድጓድ ውስጥ ይህ ውሃ ከላይኛው ወገን ረዥም ቦይ ይሠራና ለጋዝ መንገድ ይከፍታል። በደንብ የተሠራጨ ቃጫ እንደ መረብ ሆኖ ቅንጣቶቹን ስለሚደግፍ የሚሰጥመውና የሚንሳፈፈው ይቀንሳል። ቃጫ በመጀመሪያው ሰዓት ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ይህ አንዱ ነው።

ስለሚጠፋ ብጥብጥ። በድንጋዩ ውስጥ ስንጥቅ ሲያጋጥም ብጥብጡ ወደዚያ ፈስሶ ይጠፋል፤ በክፍተቱም ውስጥ እስከ ታሰበው ከፍታ ሳይደርስ ይቀራል። ክሮቹ በስንጥቁ አፍ ላይ ተጋድመው መረብ ይሠራሉ፤ በመረቡም ላይ ሲሚንቶው ይጠራቀምና ቀዳዳውን ይደፍናል። ቃጫ በነዳጅ ሥራ ውስጥ ከሚፈለግባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ስለ መጀመሪያው ጥንካሬ። ሲጫኑት የሚያሳየው ጥንካሬ በቃጫ ምክንያት ብዙ ከፍ አይልም። አንዳንድ ጊዜም ይቀንሳል፤ ይኸውም ክሮቹ አየር ይዘው ሲገቡ ወይም በአንድ ቦታ ሲቋጠሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሲሚንቶው ክሩን አጥብቆ ስላልያዘው ክሩ በሰበቃ ብቻ ይታገላል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ሲታጠፍ፣ ሲሳብና ሲመታ የሚያሳየው ጽናት ከተራው ሲሚንቶ በግልጽ ይበልጣል። ተራው ሲሚንቶ ሲሰበር ለሁለት ይከፈላል፤ ቃጫ ያለበት ግን ቢሰነጠቅም አይበታተንም። ይህ ጠባይ ቍፋሮው ሲቀጥል የመሰርሰሪያው ንዝረት ገና ያልጸናውን ሲሚንቶ በሚመታበት ጊዜ እጅግ ይጠቅማል።

ስለ ጋዝ። ቃጫ ብቻውን ጋዝን አያቆምም። ጋዝ በሚያሠጋበት ጕድጓድ ውሃ እንዳይጠፋ የሚከለክሉ፣ የመርጋቱን ጊዜ የሚያሳጥሩና ቀዳዳውን የሚሞሉ ሌሎች ቅመሞች ያስፈልጋሉ። ቃጫ ጋዝን ያግዳል ብሎ የሚሸጥ ሰው ማስረጃውን እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ይገባል።

የቃጫ ዓይነቶችና ጠባያቸው

ፖሊፕሮፒሊን ርካሽ ነው፤ በሲሚንቶው ውስጥ ባለው ብርቱ አልካሊም አይበላም። ነገር ግን ከውሃ የሚቀል በመሆኑ ሊንሳፈፍ ይፈልጋል፤ ውሃም አይወድድም። ከ160 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ ለእጅግ ሞቃት ጕድጓድ አይሆንም።

ተራው ብርጭቆ በመጀመሪያው ቀን መልካም ሆኖ ይታያል፤ ዳሩ ግን አልካሊው ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ ዚርኮኒያ የተጨመረበት፣ አልካሊን የሚቋቋም ብርጭቆ ሊታዘዝ ይገባል። ሁለቱ በመልካቸው የሚመሳሰሉ ስለሆኑ ገዢው በዓይኑ ብቻ ሊለያቸው አይችልም። ባዛልት ከሚባለው ጥቍር ድንጋይ የሚሠራው ክርም ሙቀትን በሚገባ ይችላል፤ በአልካሊ ውስጥ ያለው ዕድሜ ግን አስቀድሞ መፈተን አለበት።

ካርቦን ሙቀትንም አልካሊንም ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። የብረት ሽቦ ለመንገድና ለመሿለኪያ ሥራ መልካም ቢሆንም ክብደቱ ከብጥብጡ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሆነ ይሰጥማል፤ ፓምፑንም ሊጎዳ ይችላል። የተክል ቃጫ በርካሽ ይገኛል፤ ሆኖም መዘግየትን እንዳያመጣ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ወይም በአልካሊ መታጠብ ይኖርበታል፤ የሚመጠውም ውሃ በሒሳብ መግባት አለበት።

ከላቦራቶሪ እስከ ጕድጓድ

ቃጫ ያለበት ሲሚንቶ ሲፈተን ቍጥሮቹ ሊያታልሉ ይችላሉ። የውፍረት መለኪያው ብጥብጡ የሚገባበት ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ከጥቂት ነው፤ የክሩ ርዝመት ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ሚሊሜትር ይደርሳል። ክሩ በክፍተቱ ሲጋደም መሣሪያው የሚያሳየው የብጥብጡን ውፍረት ሳይሆን የክሩን መሰነቃቀር ነው። በላቦራቶሪ ቀላቃይ ውስጥ ደግሞ ፈጣኑ ምላጭ ክሩን ቈራርጦ ያሳጥረዋል፤ ስለዚህም አስተዋይ መርማሪ ሲሚንቶውን በደንቡ መሠረት ከበጠበጠ በኋላ ቃጫውን በመጨረሻ በእጅ ያማስለዋል። የመጀመሪያውን ጥንካሬ ለማወቅም ናሙናውን ሳይሰብሩ በድምፅ ሞገድ በየደቂቃው የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ይህም ሲሚንቶው በስንተኛው ሰዓት እንደ ጠጠረ በግልጽ ያሳያል።

በመስክ ላይ የሚያጋጥመው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ክሩ ባንድ ጊዜ ከተጣለ እንደ ጥጥ ተቋጥሮ ይቀራል። ቋጠሮው በቧንቧው ግርጌ ያለውን አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ከዘጋ፣ ሙሉው ብጥብጥ በቧንቧው ውስጥ እንዳለ ሊጠነክርና ጕድጓዱን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በላቦራቶሪ ያማረ ውጤት የሰጠ ቃጫ በሥራው መሣሪያ አልፎ መውጣቱ ሳይረጋገጥ ወደ ጕድጓድ አይላክም።

ለነጋዴዎች ሊታሰብበት ስለሚገባው

ይህ ጕዳይ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። በኦጋዴን በካሉብና በሂላላ የሚገኘው የተፈጥሮ ጋዝ በጥልቅ ጕድጓዶች የሚወጣ ነው። ከዚህም በቀር ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማግኘት የሚቈፈረው ጕድጓድ ይህንኑ ዓይነት ሲሚንቶ ይፈልጋል። በአሉቶ ላንጋኖ በ1980ዎቹ ዓመታት ስምንት ጥልቅ ጕድጓዶች ተቈፍረዋል፤ በዚያ የሚገኘው ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ፖሊፕሮፒሊን ቀልጦ ይጠፋል። ሲሚንቶውም ራሱ ከ110 ዲግሪ በላይ ጥንካሬውን እንዳያጣ ከክብደቱ ከመቶ 35 እስከ 40 እጅ የሚሆን የሲሊካ ዱቄት ይጨመርበታል።

ስለሆነም እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ከማዘዙ በፊት ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። ክሩ ከምን ተሠራ? ርዝመቱና ውፍረቱ ስንት ነው? እስከ ስንት ዲግሪ ሙቀት ይችላል? በአልካሊ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ፈተናው የተደረገው በየትኛው ክፍል ሲሚንቶ፣ በስንት ሙቀትና ግፊት፣ በስንተኛው ሰዓት ነው? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ በተለይ መጽናት ያስፈልጋል። በ28 ቀን የተለካ ጥንካሬ ለሕንፃ መሐንዲስ ይበቃው ይሆናል፤ ለጕድጓድ መሐንዲስ ግን የሚያሻው በ8፣ በ12 እና በ24 ሰዓት የተገኘው ቍጥር ነው። ከዚህ ጋር ቃጫው ያለበትና የሌለበት ብጥብጥ ጎን ለጎን የተፈተኑበት ወረቀት እንዲቀርብ ማድረግ ይገባል፤ ያለዚህ ማነጻጸሪያ የቃጫው ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ሊታወቅ አይችልም።

ዕቃው አገር ውስጥ ከገባ በኋላም ጥበቃ ያስፈልገዋል። ሲሚንቶው እርጥበት እንዳይነካው፣ ቃጫውም ታጭቆ እንዳይቋጠር በደረቅ መጋዘን ሊቀመጥ ይገባል። የተለያየ ጊዜ ምርት እንዳይደባለቅ በየጆንያው ላይ ያለው ቍጥር መመዝገብ አለበት። ሲሚንቶው ከተለወጠ በአሮጌው ሲሚንቶ የተደረገው ፈተና ለአዲሱ አያገለግልምና ምርመራው እንደገና ይደረጋል።

በጠቅላላው ሲታይ ቃጫ በልክና በዕውቀት ሲገባ፣ ሲሚንቶው ራሱን ሊከላከል በማይችልበት በመጀመሪያው ቀን ከመሰንጠቅ፣ ከመስጠምና ከመጥፋት የሚጠብቀው መልካም ረዳት ነው። ይሁን እንጂ የመጠበቂያውን ሰዓት አያሳጥርም፤ የፈተናንም ቦታ አይተካም። ሲሚንቶው መጽናቱ በፈተና ሳይረጋገጥ ቍፋሮ ለሚጀምር ሰው ማናቸውም ቃጫ ዋስ ሊሆነው አይችልም።